ቋንቋን ከሩቅ ስለ መማር

ከአገራቸው ርቀው በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ፣ ዘመዶቻቸውም በእነዚህ አገሮች የሚገኙ ቤተ ሰቦች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። ይኸውም አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር አለመቻላቸው ነው። አያት ደሴ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጠው በስልክ ድምፃቸውን ያሰማሉ፤ ልጁም በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ነገር ግን «ደኅና ነህ ወይ፣ ልጄ?» ከማለትና «ደኅና» ብሎ ከመመለስ አልፈው ጨዋታ ሊይዙ አይችሉም። በመካከላቸው እናት ወይም አባት አስተርጓሚ ሆኖ ይቆማል። አስተርጓሚው ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ የወጣ እንደሆነ ግን ስልኩ ተከፍቶ ሳለ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ይህን ዝምታ ለማስቀረት ሲሉ ዛሬ ብዙ ሰዎች አማርኛን በኢንተርኔት ለመማር ይነሣሉ። ተማሪዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ በውጭ አገር የተወለዱ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገቡ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ተወስደው በውጭ አገር ያደጉና ዛሬ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ በ2018 በሕግ ከመከልከሉ በፊት ብዙ ሕፃናት በዚህ መንገድ ሄደዋልና። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ አማርኛ መማር የተወለዱበትን አገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ለማነጋገር የሚያስችል መንገድ ነው።

በዚህ ወር ዓምዳችን እነዚህ ተማሪዎች በትምህርቱ ውስጥ የሚገጥማቸውን፣ ከእርሱም የሚያገኙትንና የማያገኙትን፣ ብዙዎቹም ጀምረው የሚያቋርጡበትን ምክንያት እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ከቤተ ሰብ የሚጠበቀውን እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አማርኛን ለሌላ አገር ሰው በተቀዳ ድምፅ የማስተማር ሥራ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት የተጀመረ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያስተምርበት ተቋም የአማርኛ መሠረታዊ ትምህርት የተባለውን መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን 50 ክፍሎች በ1964፣ ተከታዮቹን 10 ክፍሎች በ1965 አሳትሟል። ከመጽሐፉም ጋር በቴፕ የተቀዳ የንግግር ልምምድ ነበረ። ዛሬ መጽሐፉም ድምፁም በኢንተርኔት ላይ በነፃ ስለሚገኝ፣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይጀምራል። የሰዋስው ትምህርቱ የተሟላ ነው። ይሁን እንጂ የሚያስተምረው ንግግር ከ60 ዓመት በፊት የነበረው ስለሆነ፣ በእርሱ ብቻ የተማረ ሰው ከዛሬው ወጣት ጋር ሲነጋገር የሽማግሌ አነጋገር ይዞ ይቀርባል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮች መንገዱን አሰፉት። አንደኛ፣ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ብዙ ጊዜ ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ሁለተኛ፣ ጉግል የተባለው ኩባንያ በ2016 አማርኛን ከትርጕም አገልግሎቱ ጨመረው። ሦስተኛ፣ በ2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ መምህርና ተማሪ እየተያዩ በዙም መማማርን ለመዱ። ዛሬ እንግዲህ በኢንተርኔት የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት በሦስት መልክ ይገኛል ማለት እንችላለን። አንዱ መምህሩ በቀጠሮ ሰዓት በዐይን እየታየ የሚያስተምርበት ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የተቀረጸ ትምህርት ሲሆን ተማሪው በፈለገው ሰዓት ይከፍተዋል። ሦስተኛው መምህር የሌለበት፣ በስልክ ላይ እንደ ጨዋታ የተዘጋጀ መልመጃ ነው።

ለእነዚህ ትምህርቶች የሚገባቸውን ምስጋና ልንነፍጋቸው አይገባም። በተለይ የስልኩ መልመጃ ትዕግሥት አለው፤ አንድን ቃል መቶ ጊዜ ቢጠይቁት አይሰለችም፤ ተማሪውንም በሰው ፊት አያሳፍረውም። ቃሉንም ዝም ብሎ አይደጋግመውም። ተማሪው የያዘውን ቃል ዘግየት አድርጎ፣ የረሳውን ግን ቶሎ ቶሎ ይጠይቀዋል። ለዚህ አሠራር መሠረት የጣለው ኤቢንግሃውስ የተባለው የጀርመን አገር ሊቅ ነው። እርሱም ትርጕም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ስንቱን እንደሚረሳ በመቍጠር ውጤቱን በ1885 አሳተመ። በ1972 ደግሞ ላይትነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በወረቀት ላይ የተጻፉ ቃላትን በሣጥን ክፍሎች እያዘዋወሩ ማጥናትን አስተማረ። የዛሬው ስልክ የሚሠራው ይህንኑ የሣጥን ሥራ ነው።

ይህም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በንባብ ቤት የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሕፃኑ አንዱን ንባብ በቍጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደጋግሞ ሳያሳልፍ ወደ ሌላው አይሻገርም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በንባብ ቤት ልጁ ሲሳሳት የሚሰማው ጆሮ አለ። የኔታ ባይሰሙት እንኳ ከእርሱ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ይሰማዋል፤ ወዲያውም ያርመዋል። የስልኩ መልመጃ ግን የተጻፈውን እንጂ የተነገረውን በሚገባ ለይቶ ማረም ገና ብዙ ይቀረዋል። የተማሪዎቹ ችግርም ከዚሁ ይጀምራል።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚገናኘው ከፊደል ጋር ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ብናባዛቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቍጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ቍጥር ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ነገር ግን ልምዱ እንደሚያሳየው ፊደል ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሥርዓት አለውና፣ በቀን ጥቂት ፊደል የሚያጠና ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሱቅና የመንገድ ጽሑፍ ማንበብ ይጀምራል። ደስታውም ታላቅ ነው። ቀጥሎ ግን ሐዘን ይከተላል፤ ያነበበውን አያውቀውምና። ሀ፣ ሐና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሲሆኑ ለምን ሦስት እንደሆኑም ይጠይቃል። መልሱ ከግዕዝ የመጣ መሆኑን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ ነገሩ ያለ ምክንያት የበዛ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰና ጸ በእንግሊዝኛም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ አውሮፓ ታላላቅ ቋንቋዎች ቦታ የላቸውም። ጀማሪው ቀን ከከ፣ ጠን ከተ ጋር ያደባልቃል። ከዚህም የተነሣ «ውኃ ቀዳሁ» ለማለት ፈልጎ «ከዳሁ» ይላል፤ ሰሚው ይሥቃል፤ ተናጋሪው ግን የተሣቀበትን ምክንያት አያውቀውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መጥበቅና መላላት ነው፤ ጽሑፋችን አያሳየውምና። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገርን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይናገራል። «ዋና» ቢላላ በውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ቢጠብቅ አለቃን ወይም ከሁሉ የሚበልጠውን ያሳያል። እኛ ይህን ከእናታችን ስለ ሰማነው እንደ ትምህርት አንቈጥረውም። ከጽሑፍ ብቻ የሚማር ሰው ግን የሚነግረው ካላገኘ ለብዙ ዓመት ተሳስቶ ይኖራል።

ሦስተኛው ችግር ግሱ ነው። «አልነገርኳትም» የሚለው አንድ ቃል ተናጋሪውን፣ የምትሰማውን ሴት፣ ድርጊቱንና ድርጊቱ አለመፈጸሙን ሁሉ ይዟል፤ በእንግሊዝኛ እስከ አምስት ቃላት ይፈልጋል። ተማሪው ይህን ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ በአ ስር ቢፈልገው አያገኘውም፤ «ነገረ» በሚለው ስር መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በእስራኤል ያደገና እብራይስጥ የሚያውቅ ተማሪ ከጥቂት ፊደላት ሥር ብዙ ቃል እንደሚወጣ ከቋንቋው ስለሚያውቅ በዚህ ረገድ ይቀለዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ግን ለረጅም ጊዜ ይደክማል። በዚህ ላይ አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ስለሚያመጣ፣ ሰሚው የነገሩን ፍጻሜ እስከሚሰማ ድረስ መጠበቅን መልመድ ያስፈልገዋል።

አራተኛው ከሰዋስው ይልቅ የቤት ጉዳይ ነው። የኢንተርኔቱ ትምህርት «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን በሠንጠረዥ አድርጎ ያስተምራል። ነገር ግን በአንዳንዱ ቤት እናትን «አንቺ» ማለት ፍቅር ሲሆን፣ በሌላው ቤት ድፍረት ነው። በአንዳንዱ አገር አያት «አንቱ» ይባላሉ፤ በሌላው «እርስዎ»፤ ልጁም ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም፤ «እማማ» ወይም «እማዬ» ወይም «አባባ» ይላል እንጂ። ይህን ለይቶ የሚያስተምር መጽሐፍም ሆነ ማሽን የለም፤ ቤቱ ራሱ ይንገረው። የሰዓት አቈጣጠርም እንደዚሁ ነው። ቍጥሮቹን አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ አያቱ «ነገ ጧት በ2 ሰዓት ደውልልኝ» ቢሉት፣ እንደ ፈረንጅ ቈጥሮ ከእንቅልፋቸው ሊቀሰቅሳቸው ይችላል።

እስካሁን የዘረዘርነው ችግር በትጋት የሚወገድ ነው። ታዲያ ብዙዎቹ ለምን ያቋርጣሉ? በቅድሚያ መቋረጡ በአማርኛ ተማሪዎች ብቻ ያልተወሰነ መሆኑን እንናገር። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ኤም አይ ቲ የተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ከ2012 እስከ 2018 በኢንተርኔት ለሕዝብ የከፈቷቸውን ትምህርቶች መርምሮ ነበር። ከተመዘገቡት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ትምህርቱን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈቱትም፤ በ2017 እና 2018 የትምህርት ዘመንም እስከ መጨረሻ የዘለቁት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚያ የቋንቋ ትምህርቶች ብቻ አልነበሩም፤ ሆኖም መመዝገብ ቀላል፣ መፈጸም ግን ከባድ መሆኑን ያስረዱናል።

የስልክ መልመጃዎችን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ተማሪውን በልዩ ልዩ ዘዴ ለማቆየት ይጥራሉ። ለምሳሌ ያህል ሉዊስ ቮን አን የተባለው ጓቲማላዊና ሴቨሪን ሃከር የተባለው የስዊስ ሰው መሥርተውት በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱኦሊንጎ፣ ተማሪው ሳያቋርጥ ያጠናባቸውን ቀኖች እየቈጠረ ያሳያል። ይህ ቍጥር ብዙዎችን አትግቷል። ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች እንደሚናገሩት፣ ውሎ አድሮ ቍጥሩ ራሱ ግብ ይሆናል፤ ቀኑ እንዳይቋረጥ ሲሉ የሚያውቁትን ቀላል ትምህርት እየደጋገሙ ይውላሉ፤ መቶ ቀንም ቈጥረው ከባለ ቋንቋው ጋር አምስት ደቂቃ መነጋገር ያቅታቸዋል።

ደግሞም በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ባለቤቱ ሲፈልግ የሚቆም መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በብሪታንያ የሚገኘው የዌልስ ሕዝብ ቋንቋ በዚሁ በዱኦሊንጎ ላይ ትምህርቱ በ2016 ሲጀመር፣ ያዘጋጁት ቋንቋቸውን የሚወዱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ2023 ግን ኩባንያው ለዌልሽ አዲስ ትምህርት መጨመሩን እንደሚያቆም አስታወቀ። ቋንቋው ግን በኩባንያው ፈቃድ የሚኖር አይደለም፤ በቤትና በትምህርት ቤት የሚናገሩት ልጆች አሉትና። ለአማርኛም የምንመኝለት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው እንመለስ። ቀደም ብለን የጠቀስነው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ 44 ሳምንት፣ ወይም 1,100 የክፍል ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልገው ይገምታል። በቀን አሥር ደቂቃ የሚያጠና ሰው በዓመት 60 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ያገኛል። ይህን ያሰላን እንደሆነ 1,100 ሰዓት ለመሙላት 18 ዓመት ይፈጅበታል። በአምስት ዓመቱ የጀመረ ልጅ 23 ዓመት ሲሆነው ይፈጽማል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሊያነጋግራቸው የፈለጋቸው አያት በሕይወት መኖራቸውን ማን ያውቃል? በቀን አንድ ሰዓት ቢሆን ግን ሦስት ዓመት ይበቃዋል። ይህን አንድ ሰዓት ከስልክ ላይ ብቻ ማግኘት ለልጅም ለሠራተኛም ይከብዳል። በቤት ውስጥ ግን ሰዓቱ አለ፤ እራት አለ፤ ሳሕን ማጠብ አለ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ አለ። ይህ ሁሉ በአማርኛ የሆነ እንደሆነ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይሞላል።

ስለዚህ ብዙ ተማሪዎች የሚያቋርጡበት ዋናው ምክንያት የቋንቋው ክብደት አይደለም እንላለን። የተማሩትን የሚመልስላቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው ሣቅ ነው። ልጁ ሳምንት ሙሉ ያጠናውን «አክስቴ፣ እንዴት ነሽ? ናፍቀሽኛል» የሚለውን ቃል በድፍረት ይናገራል። አክስቱም በፍቅር፣ ክፉ ሳታስብ፣ «ውይ! ፈረንጅ!» ብላ ትሥቃለች፤ ሌሎቹንም ጠርታ «እስቲ ድገመው» ትለዋለች። ልጁ ግን ሁለተኛ አይደግመውም። እርሱ አክስቱ መናፈቁን እንድትሰማው ፈልጎ ነበር፤ የሰማችው ግን አነጋገሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። ተማሪው በአማርኛ ሲጀምር እኛ በእንግሊዝኛ እንመልስለታለን፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ፣ ወይም እኛም እንግሊዝኛ እንደምናውቅ እንዲታወቅልን። አማርኛ ያጠና የሌላ አገር ሙሽራ በአማቾቹ ቤት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው። ቃሉን አዘጋጅቶ፣ ግሱን በመጨረሻ አስቀምጦ ይናገራል፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ይመጣለታል። ከዚህ በኋላ ድካሙ ሁሉ ለምን እንደሆነ ይጠፋበታል። በጉዲፈቻ ያደገው ተማሪ ደግሞ ከዚህ የከፋ ይደርስበታል፤ መልኩን አይተው «እንዴት አማርኛ አትችልም?» ብለው ይወቅሱታል። ቋንቋውን ያልተማረው በሕፃንነቱ ስለ ተወሰደ እንጂ ስለ ናቀው አይደለም። ወቀሳው ለእርሱ አይገባም።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሥራው ለሁሉ ቢከፋፈል ቀላል ነው።

በመጀመሪያ፣ ትምህርቱን መምረጥ ነው። ከተቻለ መምህሩ ተማሪውን የሚሰማበት፣ ተማሪዎቹም ጥቂት የሆኑበት ይመረጥ። ከመክፈል በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ አብሮ ተቀምጦ ተማሪው ስንት ጊዜ እንደ ተናገረ መቍጠር ጥሩ መመዘኛ ነው። መምህሩ ብቻ የሚናገርበት ትምህርት ከተቀረጸው አይሻልም። መጥበቅና መላላትን የማያስተምር ትምህርትም ግማሹን ትቷል።

ሁለተኛ፣ የስልኩን መልመጃ በልኩ መጠቀም ነው። ቃል ለመያዝ ይጠቅማል፤ ይሁን። ነገር ግን ልጁ በዚያ ቀን የያዛቸውን ሦስት ቃላት በእራት ጊዜ እንዲናገራቸው፣ ቤተ ሰቡም በእነዚያ ቃላት እንዲመልስለት ማድረግ ያስፈልጋል። «ጨው» የሚለውን ቃል በስልክ የተማረ ልጅ፣ «ጨው አቀብለኝ» ተብሎ ጨውን በእጁ ካቀበለ በኋላ አይረሳውም።

ሦስተኛ፣ ሲሳሳት እያንዳንዱን ቃል ይዞ አለማረም ነው። «ከዳሁ» ያለውን ልጅ «አዎ፣ ውኃ ቀዳህ፤ ጎበዝ» ብሎ ትክክለኛውን ማሰማት ይበቃል። ሣቅ ቢመጣም ከእርሱ ጋር እንጂ በእርሱ ላይ አይሁን፤ ለምን እንደተሣቀም ይነገረው። ልዩነቱን ካወቀው እርሱም ይሥቃል፤ ስሕተቱንም ሁለተኛ አይረሳውም።

አራተኛ፣ በአማርኛ ለጠየቀ ሁሉ በአማርኛ መመለስ ነው። መልሱ አጭርና ቀስ ያለ ይሁን። ያልገባው እንደሆነ ይደገምለት፤ ከዚያም በኋላ ካልገባው ያን ጊዜ ይተርጐምለት።

አምስተኛው ምክር በአገር ውስጥ ላሉት ዘመዶች ነው። እናንተ አያቶች፣ አጐቶችና አክስቶች ከማንኛውም መምህር የምትበልጡ ናችሁ፤ ልጁ የሚማረው እናንተን ለማነጋገር ነውና። በሳምንት አንድ ቀን የታወቀ ሰዓት ይኑራችሁ። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ በእነርሱ ዘንድ ረፋዱ ላይ አራት ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የማታው 11 ወይም 12 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ለሁለቱም የዕረፍት ጊዜ ነው። ወላጆቹ በዚያ ሳምንት የተማረውን አስቀድመው ይንገሯችሁ። ስለ ምግብ የተማረ እንደሆነ «ዛሬ ምን በላህ?» በሉት፤ ስለ ቤተ ሰብ የተማረ እንደሆነ የወንድሞቹን ስም ጠይቁት። ሲያስብ ዝም ቢል ጠብቁት፤ ለመስመሩ መቋረጥ አትቸኩሉ። አሥር ደቂቃ ካወራችሁ በቂ ነው፤ የሚመጣው ሳምንት አለና። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ግን ወላጁ አስተርጓሚ ሆኖ አይግባ፤ ከክፍሉ ቢወጣም ይሻላል።

ይህ ምክር በአገር ውስጥ ሆነው ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ ወይም ሌላ ቋንቋ በስልክ ለሚያስተምሩ ወላጆችም ያገለግላል። ስልክ የተሰጠው ልጅ ዝም ብሎ በመቀመጡ ብቻ ተምሯል ማለት አይቻልም። የተማረውን የሚናገርበት፣ የተናገረውንም የሚሰማለት ሰው ያስፈልገዋል። ወላጁ ቋንቋውን ባያውቀው እንኳ «ዛሬ የተማርከውን ለእኔ አስተምረኝ» ሊለው ይችላል። ልጅ ሲያስተምር የተማረውን እንደሚያጸና በንባብ ቤት ታናሹን ያስጠና ተማሪ ሁሉ ይመሰክራል።

ቋንቋ በአንድ ወር አይገኝም፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። በኢንተርኔት የሚማረውም ልጅ መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በዓመቱም አንድ ጨዋታ ይዞ ይመጣል። ትምህርቱን የሚሰጠው መምህር ወይም ማሽን ከሩቅ ሊሆን ይችላል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ግን የቤቱ ሰው ነው። እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከዘመዶቻችሁ ልጆች አንዱ ደውሎ በተሰባበረ አማርኛ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» ያለ እንደሆነ፣ ስለ አነጋገሩ ምንም ሳትሉ እንዴት እንደ ዋላችሁ ንገሩት፤ እርሱም እንዴት እንደ ዋለ ጠይቁትና መልሱን እስኪፈጽም ጠብቁት።